ለፈጣን መኪና የሚሆን ዋይድባንድ ጌጅ፦ ሁለት ጌጆችና አንድ መቆጣጠሪያ ሲመዘኑ

ዋይድባንድ ጌጅ በጭስ ቱቦው ላይ ከሚገጠም ሴንሰር ተነሥቶ ሞተሩ ለ1 እጅ ነዳጅ ስንት እጅ አየር እንደሚያቃጥል በቁጥር ያሳያል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ነዳጅ በዝቷል ማለት ነው። ቱርቦ በተገጠመለት መኪናዬ ላይ የመጀመሪያውን ዋይድባንድ ጌጅ ሳስገጥም የመረጥኩት በመልኩ ነበር። ቁጥሩ ትልቅና ደማቅ ነው፤ በዙሪያው ያሉት ባለቀለም መብራቶችም በጨለማ ከሩቅ ይነበባሉ። ሆኖም ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ተረግጦ መኪናው ሲከንፍ ጌጁ 11.6 እያሳየ፣ የሞተሩ ኮምፒውተር በመዝገቡ ላይ የሚያስቀምጠው ግን 12.3 ነበር። ኮምፒውተሩ ያመነው የራሱን ቁጥር ስለሆነ ነዳጅ ጨመረ፤ መዝገቡ 11.6 ላይ ደርሶ ሲረጋም በሲሊንደሮቹ ውስጥ የነበረው እውነተኛ ድብልቅ ወደ 10.9 ወርዶ ነበር። ካንዴላዎቹን ስፈታቸው ጥላሸት ለብሰው አገኘኋቸው።

ጥፋቱ የሴንሰሩ አልነበረም። ጌጁ ለኮምፒውተሩ የሚናገረው በቮልቴጅ ነው፤ 0 ቮልት ማለት 10፣ 5 ቮልት ማለት 20 ነው። የጌጁ ግራውንድ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት ገመድ፣ የታሰረው ቀለሙ በደንብ ባልተፋቀ የቦዲ ብረት ላይ ስለነበር፣ የሴንሰሩ ማሞቂያ ኤሌክትሪክ በሳበ ቁጥር በዚያ ደካማ ማሰሪያ ላይ ወደ 0.35 ቮልት ይፈጠር ነበር፤ ይህም በዚያ ስሌት 0.7 ይሆናል። ገመዱን የኮምፒውተሩ ግራውንድ ከታሰረበት የሞተር ብረት ጋር ሳገናኘው ሁለቱ ቁጥሮች ተቀራረቡ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ዋይድባንድ ጌጅ የምመዝነው በመጀመሪያ በአንድ ጥያቄ ነው፦ በዳሽቦርዱ ላይ የማየው ቁጥርና ኮምፒውተሩ የሚሠራበት ቁጥር አንድ መሆናቸውን የሚያረጋግጥልኝ በምንድን ነው?

0.7 ትንሽ ሊመስል ይችላል። ንጹሕ ቤንዚን ከኦክስጅኑ ጋር ሳይተራረፍ የሚቃጠለው በክብደት 14.7 እጅ አየር ከ1 እጅ ነዳጅ ጋር ሲገናኝ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በሙሉ ጉልበት ሲሠራ ብዙ ጊዜ ከ12.5 እስከ 13 ባለው ውስጥ ጥሩ ኃይል ይሰጣል፤ ቱርቦ ያለው ሞተር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ11 እስከ 12 ባለው ውስጥ ይያዛል፤ ምክንያቱም ትርፉ ነዳጅ በሚተንበት ጊዜ ሙቀት ስለሚወስድና ድብልቁ ያለጊዜው ፈንድቶ ፒስተኑን እንዳያንኳኳ ስለሚረዳ ነው። ስለዚህ 0.7 ከዚህ ጠባብ ክልል ውስጥ ትልቁን ድርሻ ይወስዳል። በእኔ መኪና ስሕተቱ ነዳጅ ወደ ማብዛት ማዘንበሉ ሞተሩን አተረፈው፤ በተቃራኒው ቢሆን ኖሮ ኮምፒውተሩ በሙሉ ግፊት ላይ ነዳጅ ይቀንስ ነበር።

መኪናው ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው ተራው የኦክስጅን ሴንሰር ለምን እንደማይበቃ ብዙዎች ይጠይቃሉ። ቦሽ ያዘጋጀው ይህ ዓይነት ሴንሰር በቮልቮ መኪኖች ላይ በ1976 ለገበያ ሲቀርብ ሥራው የጭስ ማጣሪያው በደንብ እንዲሠራ ድብልቁን በ14.7 ዙሪያ መያዝ ነበር፤ ለዚያም ሥራ እስከ ዛሬ ድረስ የተሟላ ነው። የሚሰጠው ቮልቴጅ በግምት ከ0.1 እስከ 0.9 ሲሆን ለውጡ የሚታየው በ14.7 አካባቢ ብቻ ነው። ድብልቁ 12.5 ይሁን 11 ለመለየት አይችልም፤ «ነዳጅ በዝቷል» ብሎ ይቆማል። በዚህ ሴንሰር ላይ የሚገጠሙ ጌጦች የሚመስሉ ጌጆች አሉ፤ መብራታቸው ወዲያና ወዲህ ከመሮጥ በቀር የሚነግሩት ቁምነገር የለም።

ዋይድባንዱ ሴንሰር ሁለት ክፍሎች አሉት። አንደኛው ከጭሱ ናሙና የሚገባበትን ጠባብ ክፍተት ይመለከታል፤ ሁለተኛው ኦክስጅንን ወደዚያ ክፍተት ያስገባል ወይም ከዚያ ያወጣል። መቆጣጠሪያው የመጀመሪያው ክፍል ቮልቴጅ በ0.45 ላይ እንዲጸና ሁለተኛውን ያለማቋረጥ ያሠራዋል፤ ለዚህ የወጣው የኤሌክትሪክ መጠንና አቅጣጫም ተሰልቶ በጌጁ ላይ የምናየው ቁጥር ይሆናል። ስለዚህ ልኬቱ የሚገኘው ከሴንሰሩና ከመቆጣጠሪያው ጥምር ሥራ ነው። አንድ ዓይነት ሴንሰር የተገጠመላቸው ሁለት ጌጆች በፍጥነትም ሆነ በትክክለኛነት ሊለያዩ የሚችሉት ከዚህ የተነሣ ነው። ሙቀቱም የመቆጣጠሪያው ኃላፊነት ነው፤ ኤልኤስዩ 4.9 በተባለው የቦሽ ዋይድባንድ ሴንሰር ውስጥ ያለው ሴራሚክ ወደ 780 ዲግሪ ሴልሺየስ መያዝ አለበት፤ መቆጣጠሪያውም ይህን የሚያውቀው የመጀመሪያውን ክፍል ውስጣዊ ሬዚስታንስ በ300 ኦም ዙሪያ በመጠበቅ ነው።

ከእርሱ በፊት የነበረው ኤልኤስዩ 4.2 ለማነጻጸሪያ የሚጠቀምበትን አየር የሚስበው ከውጭ ስለሆነ፣ በሞተሩ ክፍል ውስጥ ያ አየር በዘይት ወይም በነዳጅ ትነት ሲበከል ንባቡ ይዛባል። 4.9 ማነጻጸሪያውን በራሱ ውስጥ ያዘጋጃል። ዛሬ አዲስ ጌጅ የሚገዛ ሰው በ4.2 የሚሠራውን የሚመርጥበት ምክንያት አይታየኝም። ሌላም ነገር አለ፦ ሴንሰሮች ሲመረቱ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚታየውን ጥቂት ልዩነት ለማረም በሶኬቱ ውስጥ አንድ ሬዚስተር በፋብሪካ ተለክቶ ይገባል። ገመዱን ለማሳለፍ ሲባል ሶኬቱን ቆርጦ የሚጥል ሰው ይህን እርማት አብሮ ይጥላል።

ወደ ምርቶቹ ልግባ። የኤኢኤም ኤክስ ሲሪስ ጌጅ ከ4.9 ሴንሰር ጋር ይመጣል፤ አካሉ ቀጭን በመሆኑም ብዙ ጥልቀት በሌለው ቦታ ላይ ይቀመጣል። በንጹሕ አየር ውስጥ መለካት አይጠይቅም፤ ከሶኬቱ ሬዚስተር የሚያነበውን እርማት ይዞ ወዲያው ይሠራል። ከሁሉ በላይ የወደድኩለት ግን ከቮልቴጁ መስመር ሌላ የካን መስመር፣ ማለትም የመኪና ኮምፒውተሮች መልእክት የሚለዋወጡበት መስመር፣ ያለው መሆኑ ነው። በካን ቁጥሩ የሚሄደው እንደ ዲጂታል መልእክት ስለሆነ በጌጁ 11.6 ከሆነ በኮምፒውተሩም 11.6 ነው፤ የግራውንዱ ትንሽ መዛባት ሊለውጠው አይችልም። የመልእክቱን አቀማመጥ የሚያነብ ኮምፒውተር ያለው ሰው ሁለት ገመድ ብቻ አገናኝቶ እኔ ሳምንታት ካባከንኩበት ችግር ነጻ ይሆናል። በቮልቴጅ ብቻ የሚቀበል ኮምፒውተር ከሆነ ስሌቱ ቮልቱን በ2.375 አባዝቶ 7.3125 መደመር ነው፤ ይህም በኮምፒውተሩ ውስጥ በትክክል መግባት አለበት። ቅር የሚለኝ ሴንሰሩ እያረጀ ሲሄድ የሚያመጣውን ቀስ በቀስ መዛባት ተጠቃሚው የሚያርምበት መንገድ አለመኖሩ ነው። መፍትሔው አዲስ ሴንሰር መግዛት ነው።

የኢኖቬት ኤምቲኤክስ ኤል ፕላስ በዚህ ረገድ ሌላ መንገድ መርጧል። ሴንሰሩ ከጭስ ቱቦው ወጥቶ በንጹሕ አየር ውስጥ እያለ ጌጁ ራሱን ያስተካክላል፤ የአየር ኦክስጅን መጠን የታወቀ ስለሆነ ከዚያ ተነሥቶ የዚያን ሴንሰር የዕድሜ ለውጥ ያርማል። ይህ ለሚጠነቀቅ ሰው እውነተኛ ጥቅም ነው፤ ለሚቸኩል ሰው ግን አደጋ አለው፤ ሞተሩ እየሠራ ባለበት ጋራዥ ውስጥ፣ በጭስ በተበከለ አየር ማስተካከያውን ያደረገ ሰው ስሕተቱን በገዛ እጁ ይተክለዋል። ጌጁ ሁለት የቮልቴጅ መስመሮች አሉት፤ አንዱ በፋብሪካ ልኩ 0 ቮልትን 7.35፣ 5 ቮልትን 22.39 አድርጎ ያስተላልፋል፤ ሌላው የተራውን ሴንሰር ጠባይ ይመስላል፤ ስለዚህ በጭስ ቱቦው ላይ አንድ ቀዳዳ ብቻ ያለው መኪና የፋብሪካውን ሴንሰር አውጥቶ በዚህ ሊተካው ይችላል። ሁለቱንም መስመሮች በኮምፒውተር ፕሮግራም መለወጥ ይቻላል። ግራውንዱን በጥንቃቄ ለሚያስር ሰው በጣም ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ጥንቃቄውን ለሚያቃልል ግን አልመክረውም።

ሦስተኛው አማራጭ ፊት የሌለው መቆጣጠሪያ ነው። የሃልቴክ ደብልዩቢ1 እንዲህ ያለ ነው፦ በ4.9 ሴንሰር ይለካል፤ ቁጥሩን በካን ለሃልቴክ ኮምፒውተር ያቀብላል፤ ማየት የሚፈልግ ሰው በስክሪን ዳሽቦርዱ ላይ ያየዋል። የዚህን አምራች ኮምፒውተርና ስክሪን የያዘ ሰው የተለየ ክብ ጌጅ ለመትከል የሚደክምበት ምክንያት አይታየኝም። ከዚህም በላይ ኮምፒውተሩ ድብልቁ በሙሉ ግፊት ላይ ሲሳሳ (ነዳጅ ሲያንሰው) ቱርቦውን እንዲያረጋጋ ወይም ሞተሩን እንዲገታ ማድረግ ይቻላል፤ ዐይኑን ከመንገዱ ላይ ማንሣት የማይችል አሽከርካሪ በዚያ ቅጽበት ከማንኛውም ጌጅ ይልቅ የሚያስፈልገው ይህ ነው።

ስለ መልክ ብዙ አልልም። የተለመደው 52 ሚሊሜትር ክብ ከአብዛኞቹ መያዣዎች ጋር ይስማማል። ቁጥሩ በቀን ብርሃን እንዲታይና በሌሊት ራሱን እንዲያደበዝዝ መፈለግ ተገቢ ነው፤ ቀለሙ የገዢው ምርጫ ነው።

አገጣጠሙ ግን ከምርጫው እኩል ይመዝናል። ሴንሰሩ ከቱርቦው ኋላ ቢያንስ 60 ሴንቲሜትር ያህል ርቆ፣ ከጭስ ማጣሪያው በፊት፣ ወደ ላይኛው የቱቦው ክፍል አዘንብሎ መቀመጥ አለበት። ከአግድመቱ ቢያንስ 10 ዲግሪ ካልተነሣ በቱቦው ውስጥ የሚጠራቀመው ውኃ የጋለውን ሴራሚክ ይሰነጥቀዋል። ከቱርቦው በፊት ከተገጠመ ሙቀቱ ያቃጥለዋል፤ የጭሱ ግፊትም ንባቡን ያዛባል። ከሴንሰሩ በፊት ባለ ብየዳ ወይም ማያያዣ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ካለ አየር ስለሚገባ ጌጁ ነዳጅ ያነሰ መስሎ ያሳያል። አንድ ሲሊንደር ሳይተኮስ ሲቀርም እንዲሁ ነው፤ ሳይቃጠል ያለፈው ነዳጅ አይታይም፤ ሳይቃጠል ያለፈው ኦክስጅን ግን ይለካል። እርሳስ ያለበት ነዳጅና የአንዳንድ ሲሊኮን ማሸጊያዎች ትነት የሴንሰሩን ዕድሜ ያሳጥራሉ። ኤሌክትሪኩ የተቋረጠበት ሴንሰር በሚሠራ ሞተር ጭስ ውስጥ መተውም አይገባም፤ ያልሞቀው ሴራሚክ በጥላሸት ይሸፈናል።

ጌጁ በ14.7 ልክ ከማሳየት ይልቅ በላምዳ እንዲያሳይ ማድረግን እመርጣለሁ። ላምዳ ያለው አየር ለሙሉ ቃጠሎ ከሚያስፈልገው አየር ጋር ሲነጻጸር የሚገኘው ቁጥር ነው፤ ላምዳ 1 ማለት ለማንኛውም ነዳጅ ሙሉ ቃጠሎ ነው። አብዛኛው ኢታኖል በሆነው በኢ85 ነዳጅ ይህ ነጥብ 9.8 ያህል ሲሆን ሴንሰሩ የሚያውቀው ላምዳውን ብቻ ነው፤ ጌጁ በቤንዚን ልክ አባዝቶ 14.7 ብሎ ቢያሳይ የሚያየው ሰው ድብልቁ የሳሳ መስሎት ይደናገጣል። ላምዳ 0.80 በቤንዚንም በኢታኖልም 0.80 ነው።

በገጠምኩት ጌጅ ላይ በየጊዜው የማደርገው አንድ ፈተና አለ። ሞተሩ በማርሽ ላይ እያለ ከፍ ካለ ዙር እግሬን ሙሉ በሙሉ ከነዳጅ መስጫው ሳነሣ ኢንጀክተሮቹ ይዘጋሉ፤ በጭስ ቱቦው የሚያልፈውም ንጹሕ አየር ብቻ ይሆናል። ጤነኛ ሴንሰር በዚያ ጊዜ ቁጥሩን ወዲያው ወደ ላይኛው ጫፍ ይወስደዋል፤ ነዳጅ ሲመለስም ወዲያው ይወርዳል። እየዘገየ ሲወጣ ወይም ጫፉ ላይ ሳይደርስ ሲቆም ባየሁ ጊዜ፣ የሞተሩን መስተካከል ከመንካቴ በፊት ቱቦው እንዳያስተነፍስ አይቼ ሴንሰሩን እለውጣለሁ።