ለጀሞው ኮምፒውተር ጠጋኝ፦ እጅህ ይባረክ

ስሙን እንዳልጽፍ ስለለመነኝ አልጽፍም። ጀሞ 1 ኮንዶሚኒየም አካባቢ አንዲት ጠባብ የጥገና ሱቅ ያለችው፣ ገና ሃያዎቹን ያልጨረሰ ወጣት ነው። ያደረገልኝን ለብቻዬ ይዤው ብቀር ግን ነውር ይሆንብኛል። በአደባባይ ላመሰግነው፣ ትንንሽ ልጆች ላላችሁም ልጠቁማችሁ ብዬ ነው የምጽፈው።

የባለቤቴ እህት ከቨርጂኒያ ስትመጣ ያመጣችልን ላፕቶፕ ሁለት ዓመት ከሠራ በኋላ አልነሳ ብሎ ቁም ሳጥን ላይ ተጋድሞ ከርሟል። ትንሿ ልጄ ደግሞ 6 ዓመት ሊሞላት ነው። ከሥራ ስገባ ሳትስመኝ በፊት ቦርሳዬን ፈትሻ ስልኬን ታወጣለች። ስነጥቃት ታለቅሳለች፤ ዝም ስላት እስክትተኛ ከአንዱ ቪዲዮ ወደ ሌላው ስትዘል ታመሻለች። ኮምፒውተሩን ላሠራውና እሱን ትነካካ፣ ቢያንስ ትማርበታለች ብዬ በፌስታል ጠቅልዬ ወሰድኩለት።

ከፍቶ አየው። ሃርድ ዲስኩ ተበላሽቷል፣ ማራገቢያውም በአቧራ ታፍኗል አለኝ። የዕቃውን ዋጋና የእጁን ዋጋ ለየብቻ ጽፎ አሳየኝ። አሮጌውን ዲስክ ሳይጥል «የቀረ ፎቶ ካለ ልሞክርልዎ» አለና አባቴ ከማረፉ በፊት የነበረውን የመጨረሻ ፋሲካ ፎቶዎች አወጣልኝ። ለዚህ ብቻ እንኳ ምርቃቴ አይበቃውም። ከዚያ ግን ማንም ጠጋኝ ጠይቆኝ የማያውቀውን ጠየቀኝ፦ «እትዬ፣ ማን ነው የሚሠራበት?»

ለልጄ ነው አልኩት። «እንግዲያው ቅዳሜ ይዘዋት ይምጡ። እሷን ሳላይ ምን እንደምጭንላት አላውቅም» አለ።

ቅዳሜ ሄድን። ልጄ ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ እግሯ መሬት አልደርስ አለ፤ ካርቶን አምጥቶ ከሥሯ አደረገላት። ማውሱን ሲሰጣት ትታው ስክሪኑን በጣቷ መጫን ጀመረች። ስልክ ለምዳለችና ማንኛውም መስታወት ሲነኩት የሚታዘዝ ይመስላታል። አልንቀሳቀስ ሲላት ዞራ አየችኝ። ልናገር አፌን ስከፍት ዝም እንድል በእጁ ምልክት ሰጠኝ። ቆይታ ማውሱን ያዘችው፤ ስክሪኑ ላይ ያለችው የማውሱ ቀስት ከዳር ዳር ትበራለች። ደንግጣ ከጠረጴዛው አነሳችና አየር ላይ ታወዛውዘው ጀመር። እሱ አልተቆጣም፣ ከእጇም አልነጠቃትም። ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ የቀስቷን ፍጥነት ቀነሰ፣ ቀስቷን አተለቃት፣ ለደብል ክሊክ የሚሰጠውንም ጊዜ አስረዘመው። «ኮምፒውተሩ ሲመጣ ለአዋቂ ጣት ተለክቶ ነው። ልጅ ሁለቴ ቶሎ ቶሎ መጫን ያቅተዋል፤ እኛ ደግሞ ሰነፍ እንለዋለን» አለኝ። ልጆቻችሁን ቤት የምታስተምሩ ሌላውን ብትረሱ ይህችን አትርሷት። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ለልጄ ግን ሁሉንም ነገር ቀየረላት።

የጫነላት ፕሮግራም ጂኮምፕሪ ይባላል። ከ2 እስከ 10 ዓመት ላሉ ልጆች የተሠራ ነው፤ ከ100 በላይ ጨዋታዎች አሉት፣ ክፍያም ማስታወቂያም የለውም። አንዴ በደንብ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ይህ ለእኔ ቤት ትልቅ ነገር ነው፤ መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩ አብሮ ይሄዳል፣ እሷ ግን ባትሪው እስኪያልቅ ሥራዋ ላይ ናት።

ጨዋታዎቹን ከቀላል ወደ ከባድ ራሱ ደርድሮ ሰጣት። በመጀመሪያው ምንም መጫን የለም። ሥዕሉ ተሸፍኗል፤ ማውሱን ስታሳልፍበት ሽፋኑ ይጠፋና ከሥሩ ፎቶ ይወጣል። እጇ ማውስና ቀስት አብረው እንደሚሄዱ የተማረው እዚያ ላይ ነው። ቀጥሎ ያው ሥዕል አለ፣ ሽፋኑ የሚነሳው ግን ስትጫነው ብቻ ነው። ቀጥሎ ሁለቴ ስትጫነው። ከዚያ ገንዳ ውስጥ የሚዋኙ ዓሦች መጡ፤ ሳያመልጡ መያዝ አለባት። ከሁሉም የወደደችው የፍጹም ቅጣት ምት ነው። ከጎሉ አንዱን ጎን ሁለቴ ቶሎ ስትጫን ኳሷ ትሄዳለች። ስታገባ ከታላቅ ወንድሟ የተማረችውን «ጎል!» ሱቁ ውስጥ ለቀቀችው፤ ስልክ ሊያሠሩ የቆሙት ሰዎች ሁሉ አጨበጨቡላት። ያ ወጣት ከእሷ በላይ ነበር ደስ ያለው።

ማን ሠራው ብዬ ስጠይቀው ነገረኝ። ብሩኖ ኩዱዋን የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ2000 ጀመረው፤ ከዚያ ወዲህ ከብዙ አገር የተሰባሰቡ በጎ ፈቃደኞች እየጨመሩበትና እየተረጎሙት እዚህ ደርሷል። ከ2014 ጀምሮም እንደገና ከመሠረቱ ተጽፏል። ስሙ በፈረንሳይኛ «ገባኝ» ከሚለው ቃል ጋር ይገጥማል። ሳላውቃቸው ለልጄ የደከሙትን እነዚያን ሰዎችም እዚህ ላይ ላመስግናቸው።

ስለ ታላቁ ልጄ ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ አሁንም ያንገበግበኛል። አምና ክረምት፣ ስሙን የማልጠራው ቦታ፣ «የሕፃናት ኮምፒውተር ሥልጠና» ብለው ሁለት ወር አስከፈሉኝ። የኮምፒውተርን ክፍሎች ስም በደብተር አስጻፉት፣ በቃሉ አስጠኑት፣ ሰርተፍኬት ሰጡት። ቤት ሲመጣ ፎልደር መክፈት አይችልም ነበር። ልጁ ላይ ነበር የተናደድኩት፤ በዚያም አዝናለሁ። ይኸው ወጣት አንድ ከሰዓት አጠገቡ ቁጭ ብሎ ስክራች አስጀመረው። ባለቀለም ብሎኮችን እየገጣጠሙ ስክሪኑ ላይ ያለችውን ድመት ማስሮጥና ማናገር ነው። ኤምአይቲ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ ያወጣው፣ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ነው፤ ከቋንቋዎቹ ዝርዝር ውስጥ አማርኛም አለበት። ብሎኮቹ በፊደላችን ተጽፈው ሲያይ ልጄ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። የ9 ዓመት ልጅ ነው፤ አሁን ድመቷ ከውሻ የምታመልጥበት ጨዋታ ሠርቶ ሰፈሩን ሁሉ ያስጫውታል።

ወደ ትንሿ ልመለስ። በሁለተኛው ቅዳሜ ወደ ኪቦርድ አሸጋገራት። ፊደላት ከላይ ይወርዳሉ፤ መሬት ሳይነኩ ትክክለኛውን ቁልፍ መጫን ነው። የእንግሊዝኛውን ኤቢሲዲ ትምህርት ቤት ስለጀመረች ፈልጋ ታገኘዋለች። የአማርኛ ኪቦርድም ጫነላት። ኤል ያለበትን ስትጫን ል ይመጣል፤ «ዩ»ን ስታስከትል ሉ ይሆናል፣ «አይ»ን ስታስከትል ሊ። ሀሁን በዜማ ብቻ የምታውቀው ልጄ የፊደሉ ቤተሰብ እንዴት እንደሚለዋወጥ በጣቷ አገኘችው። ስሟን ስትጽፍ 20 ደቂቃ ፈጀባት። ማንም አላገዛትም። እኔም ልረዳት እጄን ዘርግቼ መልሼ ሰበሰብኩት።

ታክስ ፔይንትንም ጭኖላታል፤ ይኸኛው ለሕፃናት የተሠራ የሥዕል ፕሮግራም ነው። ቁልፎቹ ትልልቅ ናቸው፣ እያንዳንዱም ድምፅ አለው። ሥዕሏን ስታስቀምጥ ስም ስጪ፣ ቦታ ምረጪ አይላትም፤ በኋላ የሠራቻቸው ሁሉ በትንንሽ ምስል ተደርድረው ይጠብቋታል። ማንበብ ላልጀመረ ልጅ ይህን ያሰበ ሰው ልጅ ያውቃል። መጀመሪያ የሣለችው ቤትና ከቤቱ የምትበልጥ ዶሮ ነበር። ወጣቱ በቀለም አትሞ ሰጣት፤ ፍሪጃችን ላይ ተለጥፏል።

ከጥገናው ሌላ አንድ ብር አልተቀበለኝም። በግድ ኪሱ ልከት ስል «ይልቅ ስትሠራ አጠገቧ ይቀመጡላት» አለኝ። የጂኮምፕሪው መመሪያ በእንግሊዝኛ ስለሚናገር ድምፁን ዝቅ አድርገን እኔ በአማርኛ እነግራታለሁ። ማታ ማታ ግማሽ ሰዓት ነው፤ ከዚያ በላይ እንዳናስኬደው ያስጠነቀቀንም እሱ ነው። ስልኬን አሁንም ትጠይቃለች፣ አልዋሽም። ነገር ግን ስከለክላት ማልቀሱን ትታ «እንግዲያው ዓሦቹን ክፈቺልኝ» ትላለች።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ሱቁ ጠባብ ነው፣ ወረፋ አለው። የእኔን በሁለት ቀን ብሎ በአራተኛው ነው ያስረከበኝ፤ እንደሚዘገይ ግን ደውሎ ነግሮኛል። የማይሠራውን እሠራለሁ አይልም፤ የጎረቤቴን ላፕቶፕ ከፍቶ «ለዚህ ገንዘብዎን አያውጡ» ብሎ መልሷታል። የ3 ዓመት ልጅ ይዘው ለመጡ እናት ደግሞ ሰላምታ ሰጥቶ «ገና ጭቃ ታቡካ፣ በሚቀጥለው ዓመት ይምጡ» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እሑድ ዝግ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ለልጆች ጊዜ ይሰጣል፣ ቀድማችሁ ንገሩት።

አድራሻውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እልካለሁ። ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ፣ ያቺ የጎል ጩኸት ቤታችን ውስጥ በየማታው አለች፤ እጅህ ይባረክ። ለምትሄዱት፦ ቻርጀሩን ይዛችሁ ሂዱ፣ ልጁንም ይዛችሁ ሂዱ።