ለጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ባልደረቦች

የ17 ዓመቱ የእህቴ ልጅ መናገርና መብላት አቁሞ፣ ዓይኑን አንድ ቦታ ተክሎ በተቀመጠበት መዋል ሲጀምር፣ ግማሹ ቤተሰብ ጸበል፣ ግማሹ ሐኪም ቤት እያለ ሦስት ቀን ባከነ። መጀመሪያ የወሰድንበት የሕክምና ቦታ፣ ቀደም ሲል «ድምፅ ይሰማኛል» ይል እንደነበር ስለነገርናቸው ሃሎፔሪዶል የሚባል የአእምሮ ሕመም መድኃኒት በመርፌ ወጉት፤ በማግሥቱ ሰውነቱ ይበልጥ ተገትሮ ምራቁን መዋጥ እንኳ አቃተው።

ማዕከሉ ስናደርሰው የተቀበለችን ሐኪም ቀኝ እጁን ቀስ ብላ ወደ ላይ አንስታ ለቀቀችው። እጁ አልወረደም። እህቴ ስታለቅስ «አይዞዎት እናቴ፣ ካታቶኒያ ይባላል፤ ይታከማል» አለቻት። በዚህ ሁኔታ ላይ ላለ ወጣት እንደ ሃሎፔሪዶል ያለ መድኃኒት መገተሩን ሊያባብሰው፣ ሲከፋም ከፍተኛ ትኩሳት ያለበት ለሕይወት የሚያሰጋ ችግር ሊያመጣ እንደሚችል፣ ስለዚህ ቀድሞ የሚሞከረው ሎራዚፓም ወይም ዳያዚፓም የሚባል የሚያረጋጋ መድኃኒት መሆኑን፣ ያም ካልሠራ በማደንዘዣ የሚሰጥ የኤሌክትሪክ ሕክምና እንዳለ ሳትቸኩል አስረዳችን። የኤሌክትሪኩን ስሰማ እኔ ደንግጬ ነበር፤ ደግነቱ አላስፈለገውም።

ሃሎፔሪዶሉ እንዲቆም አዘዘች፤ ወባም ሆነ የአንጎል ኢንፌክሽን እንዳይሆን አስመረመረችው። ከዚያ ዳያዚፓም በደም ሥሩ በዝግታ ተሰጠው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ወደ እናቱ ዞረና «ውሃ» አለ።

ነርሶቹን ለብቻቸው ማመስገን አለብኝ። ተኝቶ በመቆየቱ ደሙ እግሩ ላይ እንዳይረጋ በየጊዜው ያገላብጡት፣ እግሩን ያንቀሳቅሱለት ነበር። የሌሊቱ ተረኛ አጥሚቱን በማንኪያ ይዞ «ጎበዝ፣ ይቺን ለእኔ ስትል» እያለ ሲያባብለው፣ እኔ ወንድ አያቱ እንደሆነ ነው የተሰማኝ፤ ዕድሜው ግን ሠላሳ አይሞላም።

ይሰማኛል ለሚለው ድምፅ የሚሆነው መድኃኒት፣ ኦላንዛፒን፣ የተጀመረለት መገተሩ ከለቀቀው በኋላ፣ በትንሽ መጠን፣ ዳያዚፓሙ ሳይቋረጥና ትኩሳቱ በየዕለቱ እየተለካ ነው። መጀመሪያ የተወጋው መድኃኒትም መጥፎ ሆኖ አልነበረም፤ ጊዜው አልነበረም እንጂ።

ሐኪሟና ነርሶቹ ስማቸው እንዲጠቀስ ስላልፈለጉ አልጻፍኩትም። ከሰቃም ሆነ ከአጋሮ እንዲህ ዝም ያለ፣ የደረቀ ልጅ ያላችሁ ወላጆች ሳትውሉ ሳታድሩ ውሰዱት። ቀድሞ የወሰደው መድኃኒት ካለ ማዘዣውን ወይም ብልቃጡን ያዙ፤ ሐኪሟ በመጀመሪያ የጠየቀችን እሱን ነው።