የታይኛ ጽሑፌን ከውስጡ ላቃኑልኝ የባንኮክ ጸሐፊ ምስጋናና ጥቆማ

በባንኮክ ለምትኖሩ፣ ለንግድም ሆነ ለሕክምና ወደዚህ ከተማ ለምትመላለሱ ወገኖቼ፦ እኔ ከአገር ቤት የመጣ ቡና እየቆላሁ በጥቂቱ ለገበያ የማቀርብ ሰው ነኝ። ይህን የምጽፈው የታይኛ ወረቀቶቼን ሁሉ ያስተካከሉልኝን አንዲት የኮምፒውተር ጽሕፈት ባለሙያ ለማመስገን፣ ታይኛ የሚያስጽፍ ጉዳይ የገጠመው ሰውም ወደ እርሳቸው እንዲሄድ ለመጠቆም ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈቀዱ አልጠቅሰውም። እኔ በታይ ወግ «ፒ» እላቸዋለሁ፤ ለታላቅ የሚሰጥ፣ ከእኛ «እትዬ» ጋር የሚቀራረብ መጠሪያ ነው። እርሳቸውም «ኖንግ» ይሉኛል፣ ታናሼ ማለታቸው ነው።

በታይላንድ ለሸማች የሚሸጥ የታሸገ ምግብ የታይኛ መለያ ሊኖረው ይገባል። ቋንቋውን ለገበያ ያህል እናገራለሁ፣ ፊደሉን ግን ገና እየቆጠርኩ ነው። ተርጓሚው በእጁ ጽፎ የሰጠኝን ወረቀት እያየሁ ወርድ (Word) በተባለው የኮምፒውተር መጻፊያ ፕሮግራም ራሴ ብጽፈው ገንዘብ የምቆጥብ መስሎኝ ሁለት ሌሊት ደከምኩበት፤ ማተሚያ ቤቱም እንደሰጠሁት አተመልኝ። ሁለት መቶውን መለያ ይዤ ስሄድ ፒ አንዱን አንሥተው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩና፣ ወረቀቱን ትተው «ፋይሉን አምጣ» አሉኝ።

መጀመሪያ የያዙት የአገሬን ስም ነበር። የታይ ሰዎች «ኤቲኦፒያ» ብለው በአሥር ምልክት ይጽፉታል፤ ከአሥሩ ሦስቱ ከተነባቢው በስተግራ የሚቆሙ አናባቢዎች ናቸው። በእኛ ፊደል አናባቢው በራሱ በፊደሉ አካል ላይ ስለሚቀረጽ፣ በኪቦርድ ስንጽፍም ተነባቢውን አስቀድመን አናባቢውን ስለምናስከትል፣ እጄ በዚያ ልማድ ሄዶ ሦስቱንም ከተነባቢያቸው ኋላ አስገብቷቸዋል። እንደ ሂንዲ ባሉ ጽሕፈቶች ኋላ የተጻፈን አናባቢ ኮምፒውተሩ ራሱ ወደ ፊት አምጥቶ ያሳያል። ታይኛ ግን ለዓይን የቀደመው ለጣትም እንዲቀድም ይፈልጋል፤ በ1986 የወጣው «ቲስ 620» የተባለው የአገሪቱ የኮምፒውተር ፊደል ደረጃም፣ ከእርሱ የቀጠለው ዩኒኮድ የተባለው የዓለም አቀፍ ፊደላት ደረጃም ይህንኑ ሥርዓት ጠብቀዋል። ስለዚህ የእኔ አናባቢዎች ለሚቀጥለው ተነባቢ እየሆኑ፣ የአገሬ ስም በየትኛውም አፍ የማይነበብ ነገር ሆኖ ነበር። መጨረሻው አካባቢ ደግሞ የሚሸከመው ተነባቢ ያጣው ምልክት ከነጠብጣብ በተሠራ ክብ ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል፤ እኔ ክቡን የፊደሉ ጌጥ አድርጌው አልፌዋለሁ።

ቀጥለው «ካፌ የሚለው ቃል ገጹ ላይ ስንት ቦታ አለ?» አሉኝ። በታይኛ ካፌ ማለት ቡና ነው። በጣቴ እየጠቆምኩ ቆጥሬ ዘጠኝ አልኳቸው። ቃሉን ራሳቸው ጽፈው ፍለጋውን ሲያዙት ፕሮግራሙ ሁለት ብቻ አገኘ። የቀሩትን ሰባቱን «ቡና አይደሉም» ብለውኝ ሳቁ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ «ፌ» የሚለውን ድምፅ የሚሰጠው «ሳራ ኤ» የተባለው ሰፊ አናባቢ በመልኩ ጠባቡን አናባቢ ሁለት ጊዜ ጎን ለጎን የደረደሩት ይመስላል፤ እኔም የራሱን ቁልፍ ሳጣ ጠባቡን ሁለት ጊዜ እየመታሁ አልፌአለሁ። በወረቀት ላይ ልዩነቱ አይታወቅም። ፍለጋው ግን አያገኘውም፣ የፊደል ግድፈት ማረሚያውም በቀይ ያሰምርበታል፣ ዕቃዬን በስሙ የሚፈልግ ደንበኛም በኢንተርኔት አይደርስበትም።

ከዚህ ወዲያ ወደ ማፍያው መመሪያ አለፉ። ውሃ ማለት «ናም» ነው፤ በላዩ የቃና ምልክት፣ ማለት የድምፁን ከፍታና ዝቅታ የሚያሳይ ምልክት አለበት። በታይኛ አራት የቃና ምልክቶች ሲኖሩ፣ ደንቡ ተነባቢ፣ ከዚያ ከላይ ወይም ከታች የሚቀመጠው አናባቢ፣ በመጨረሻ የቃናው ምልክት ነው። «ናም» ግን ያስቸግራል፤ «ሳራ አም» የተባለው አናባቢ አንድ ሆኖ ሳለ ከላይ ክብ፣ ከጎን ደግሞ ቆልማማ ምልክት ስላለው፣ ቃናው ከእርሱ በፊት ይገባል። እኔ ክቡን ከአንድ ቁልፍ፣ ቆልማማውን ከሌላ ቁልፍ ለቅሜ ገጣጥሜው ነበር። ፒ አንድ በአንድ ሰርዘው ሦስቱን ቁልፎች እንደገና እያስመቱኝ አሠሩኝ፤ አሁን ጣቴ ሳያስብ ይሄዳል።

ያጌጠ ፎንት መምረጤንም አልወደዱልኝም። «ፖ ፕላ» የተባለው ተነባቢ ወደ ላይ የሚወጣ ጭራ ስላለው በላዩ የሚመጣው ምልክት ወደ ግራ ፈቀቅ ማለት አለበት፤ «ዮ ዪንግ» ደግሞ ከሥሩ አናባቢ ሲመጣበት የታችኛውን ክፍሉን ይለቃል። በደንብ ያልተሠራ ፎንት ይህን አያውቅም። እኔ በመረጥኩት ላይ የ«ፒያ» አናባቢ ከጭራው ጋር ተጋጭቶ የቀለም እንከን መስሎ ነበር። የታይላንድ መንግሥት በ2010 ለመሥሪያ ቤቶች ካጸደቃቸው 13 ፎንቶች አንዱ በሆነው በሳራቡን፣ በመጠን 16 ለወጡት፤ የመንግሥት ደብዳቤም በዚሁ መጠን ይጻፋል። አሥራ ስድስት ለላቲን ፊደል ትልቅ ነው፣ ለታይኛ ግን ልከኛ ነው። በወርድ የፎንት ሳጥን ውስጥ ለታይኛና ለመሰሎቹ ጽሕፈቶች የተለየ ቦታ እንዳለ ያወቅሁትም ያን ዕለት ነው።

በእኔ አስተያየት የሙያቸው ትልቁ ክፍል የመስመር አሰባበሩ ነው። ታይኛ በቃላት መካከል ክፍተት ስለማያስገባ መስመሩ የት እንደሚሰበር የሚወስነው ፕሮግራሙ በያዘው መዝገበ ቃላት ነው፤ «ታክሎም» የሚለው ጽሑፍ «ታ ክሎም» ተብሎ ቢከፈል ክብ ዓይን፣ «ታክ ሎም» ቢባል ነፋስ መቀበል ይሆናል። ይርጋጨፌና ጉጂ ደግሞ በዚያ መዝገበ ቃላት ውስጥ ስለሌሉ ስማቸው መሐሉ ላይ ይቆረጣል። እኔ በኢንተር ቁልፍ አስገድጄ መስመር ሳስቀይር ማተሚያ ቤቱ የመለያውን ስፋት ሲያጠብ ሁሉም ተዘበራረቀ። ፒ ኢንተሮቹን አጥፍተው፣ መስመሩ ቢሰበር በማይጎዳበት የቃላት ድንበር ላይ ብቻ ስፋት የሌለው የማይታይ ክፍተት አስገቡ። የተመረተበትን ዓመትም የእኛን 2017 ጽፌ ስለነበር በታዮቹ አቆጣጠር 2568 አደረጉት።

ፓወር ግዕዝ በተባለው የቀድሞ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የጻፍነው ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የሚሆነውን ለምናስታውስ ሰዎች ይህ ሁሉ እንግዳ ሊሆን አይገባም ነበር። ይህን ስነግራቸው እርሳቸውም ሙያውን በጽሕፈት መኪና እንደጀመሩ፣ በ1892 ኤድዊን ማክፋርላንድ የመጀመሪያውን የታይ የጽሕፈት መኪና ሲያሠራ ቁልፍ ስላልበቃው ከ44ቱ ተነባቢዎች ሁለቱን እንደተዋቸው፣ ሁለቱም ዛሬ ከፊደል ገበታው በቀር የትም እንደማይጻፉ አጫወቱኝ።

ፒ፣ ከልብ አመሰግናለሁ። ያስከፈሉኝ ከድካማቸው ጋር የማይመጣጠን ነበር፤ አዲሱ መለያ የተለጠፈበትን የመጀመሪያውን ከረጢት የወሰድኩላቸውም ስለዚህ ነው።

የሚሠሩት ከናና የባቡር ጣቢያ በእግር በሚደረስበት ሰፈር፣ በአንዲት የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ክፍል ውስጥ ነው፤ ለሚፈልግ ሰው አስፈቅጄያቸው በውስጥ መስመር አገናኛለሁ። ተርጓሚ አለመሆናቸውን ግን እወቁ፣ እንግሊዝኛም አይናገሩም፤ አይቸኩሉምም፣ ለነገ የሚደርስ ሥራ ይዛችሁ አትሂዱ። ፎቶ ወይም ፒዲኤፍ ሳይሆን የወርዱን ፋይል ያዙላቸው፤ የሰው ወይም የቦታ ስም ካለበትም አጠራሩን በስልካችሁ በድምፅ ቅዱላቸው፤ ደጋግመው ሳይሰሙ አይጽፉትምና።