የመድን ወኪል ለምትፈልጉ የፍኖተ ሰላምና የደብረ ማርቆስ ባለመኪናዎች

ለአንዲት እናት ምስጋና አለብኝ። ስማቸውን አልጽፍም፣ «አደባባይ እንዳታወጣኝ» ብለውኛል። ደብረ ማርቆስ የሚኖሩ የመድን ወኪል ናቸው። እኔ እትዬ ነው የምላቸው፣ እዚህም እንደዛው ልጥራቸው።

ከፍኖተ ሰላም ደብረ ማርቆስ በሚኒባስ ሰው አመላልሳለሁ። መኪናዋ የራሴ ናት፣ ዕዳዋ ግን ገና አላለቀም። እናቴ፣ ሁለት ልጆቼ፣ ረዳቴ፣ ሁላችንም የምንበላው ከሷ ነው።

የቡሄ ማግስት ጠዋት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሯል። ደምበጫን አልፌ ወደ አማኑኤል ስሄድ ከፊቴ ጋሪ ነበርና ፍጥነት ቀነስኩ። ከኋላዬ የነበረው አይሱዙ ፍሬን ቢይዝም አስፋልቱ አንሸራተተውና መጥቶ ገጨኝ፣ እኔም ተገፍቼ ከትንሿ ድልድይ ግንብ ጋር ተላተምኩ። የኋላ በሯ ወደ ውስጥ ገባ። ከፊት የግራው መብራት ረገፈ፣ መስታወቱ ተሰነጠቀ፣ ራዲያተሩ ውሃውን አፈሰሰው።

ተሳፋሪዎቹ በሙሉ በእግራቸው ወረዱ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንዲት አሮጊት ብቻ ክንዳቸውን ተመትተው ነበር።

እጄ እየተንቀጠቀጠ ለእትዬ ደወልኩ። «ሰው ደህና ነው?» አሉኝ። የመኪናዋን ነገር ጭራሽ አላነሱም። ስለ አሮጊቷ ስነግራቸው «አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ላካቸው፣ ገንዘብ የለኝም ብለው እንዳይቀሩ» አሉኝ። በኋላ እንዳስረዱኝ መኪና በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚገባው መድን፣ የሦስተኛ ወገን የምንለው፣ አዋጅ አለው፤ ይህ 799/2005 የሚባለው አዋጅ በመኪና አደጋ የተጎዳ ሰው አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ ያዛል። ስንቱ ነው ይህን ሳያውቅ ቁስሉን በሻሽ አስሮ ቤቱ የሚገባው!

ከዚያ ትራፊክ እንድጠራ፣ ትራፊኩ ሳይመጣ መኪናዋን ንቅንቅ እንዳላደርጋት፣ ከአራቱም አቅጣጫ ፎቶ እንዳነሳ፣ የአይሱዙውን ሰሌዳና የተበተነውን መስታወት ጭምር እንዳነሳ አዘዙኝ። አደረግሁ።

አሁን ልብ በሉልኝ፣ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሰው ተሰበሰበ። የአይሱዙው ሹፌር ገና ልጅ ነው፣ ደንግጦ ፊቱ አመድ መስሏል። ከተሰበሰቡት አንድ ሽማግሌ ነገሩ በዕርቅ ይለቅ አሉ፣ ልጁ 50 ሺህ ብር ይስጥህ፣ ፖሊስ የሚባል ነገር ይቅር፣ ተፈራረሙና ሂዱ። ልጁም እግሬ ላይ ሊወድቅ ደረሰ። እውነቱን ለመናገር አንጀቴን በላኝ፣ እሺ ልል አፌን ስከፍት ስልኬ ጮኸ። እትዬ ናቸው። ነገርኳቸው።

«ልጄ፣ ዕርቁን ታረቁ፣ ደግ ነው። ገንዘብ ግን እንዳትቀበል። ወረቀት ላይም እንዳትፈርም።»

ምክንያቱን ቆይቼ ነው የገባኝ። የራሴ መድን ድርጅት ለኔ ከከፈለ በኋላ በኔ ቦታ ተተክቶ ካጠፋው ወገን ይጠይቃል። እኔ መንገድ ላይ «ጨርሻለሁ» ብዬ ከፈረምኩ ያንን በር ዘጋሁበት ማለት ነው፣ ድርጅቱም አልከፍልህም ለማለት ምክንያት ያገኛል። ጥገናው ያስወጣው ደግሞ 420 ሺህ ብር ነው። ስለዚህ ልጁን ሽማግሌዎቹ ፊት ይቅር አልኩት፣ ተቃቀፍን፣ ገንዘቡን ግን አልነካሁም። ትራፊኩ መጥቶ ፕላኑን፣ የአደጋውን ቦታ ንድፍ፣ አነሳ።

ከሁለት ሰዓት በኋላ እትዬ ራሳቸው በሕዝብ መኪና መጡ። ማንም ኑ አላላቸውም፣ የወኪል ሥራ ውል አዋውሎ አረቦን፣ የመድኑን ክፍያ ማለት ነው፣ ማስከፈል ነው ብለው ቤታቸው መቀመጥ ይችሉ ነበር። ዣንጥላቸውን ለረዳቴ አስያዙና ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ጭቃው ውስጥ ቁጢጥ አሉ። የመብራቱን ስብርባሪ አንድ በአንድ እየለቀሙ ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ ከተቱ። የመብራቱን መያዣ ጆሮ፣ ከሥሩ የተገነጠለችውን፣ ለብቻዋ በጨርቅ ጠቀለሏት። «ይቺ ትፈለጋለች» አሉኝ። ከዚያ ከቦርሳቸው የቡሄ ሙልሙል አውጥተው ለሁለት ገምሰው ለኔና ለረዳቴ ሰጡን። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስንም ነበር።

ያቺ የተጠቀለለች ነገር እውነትም ተፈለገች። የመድን ድርጅቱ ጉዳት ገምጋሚ መጥቶ መኪናዋን ሲያይ «መብራቱ ይጠገናል፣ አዲስ አያስፈልገውም» አለ። እትዬ ምንም ሳይከራከሩ ጨርቁን ፈቱና እጁ ላይ አስቀመጡለት። ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አያት፣ ጻፈ፣ «ይቀየር»። ይህ ብቻውን ብዙ ሺህ ብር ነው። የተቀየሩት አሮጌ ዕቃዎች ለመድን ድርጅቱ ነው የሚመለሱት፣ እሱንም አላውቅም ነበር፣ ጋራዡ እንዳይጥላቸው አስቀድመው አስጠነቀቁልኝ።

ወረቀቱን በተመለከተ ባጭሩ፦ ሊብሬ፣ መንጃ ፈቃድ፣ ቦሎ፣ የትራፊክ ሪፖርት፣ የካሳ መጠየቂያ ቅጽ፣ ከጋራዦች ፕሮፎርማ (የጥገናው ዋጋ ማቅረቢያ)። ማሳወቂያውን በማግስቱ አስገባን። የንግድ ሕጉ አደጋው በታወቀ በ5 ቀን ውስጥ አሳውቁ ነው የሚለው፣ መጀመሪያ ከባለአይሱዙው ጋር ልነጋገር ሲሉ ቀኑ የሚያልፍባቸው ብዙ ናቸው።

ከሁሉም በላይ ያመሰገንኳቸው ግን አደጋው ከመድረሱ ከወራት በፊት ለሠሩት ነገር ነው። መኪናዋን ያስመዘገብኳት በ1 ሚሊዮን 400 ሺህ ብር ነበር። ውሉን ላሳድስ ስሄድ እትዬ መነጽራቸውን አድርገው አዩና «ይቺ መኪና ዛሬ ገበያ ላይ ስንት ታወጣለች?» አሉኝ። 2 ሚሊዮን 800 ሺህ ገደማ አልኳቸው። «እንግዲያ ግማሿን ነው ያስገባሃት» አሉኝ። አልገባኝም። ወረቀት አውጥተው እንዲህ አሰሉልኝ። መኪናህ 2 ሚሊዮን 800 ሺህ እያወጣች በ1 ሚሊዮን 400 ሺህ ከተመዘገበች፣ 400 ሺህ ብር ጉዳት ሲደርስባት የሚከፈልህ 400 ሺህ አይደለም፣ ግማሹ 200 ሺህ ነው። የቀረው ካንተ ኪስ ነው። እኔ ደግሞ ጉዳቱ ከ1 ሚሊዮን 400 ሺህ በታች እስከሆነ ድረስ ሙሉውን የሚከፍሉኝ ይመስለኝ ነበር። አረቦኑ ይጨምራል ብዬ ተነጫነጭኩ፣ ይኸው ሊያስከፍሉኝ ነው ብዬም በሆዴ አማኋቸው። ለዚህ ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ። ያን ቀን ዋጋዋን ባላስተካክል ኖሮ ከ420 ሺው 210 ሺውን ከየት አባቴ ነበር የማመጣው? ቤት ያለችው ላሜ ብትሸጥ እንኳ አይሞላውም። አሁን እኔ የሸፈንኩት በውሉ ላይ ያለውን ተቀናሽ፣ ባለመኪናው ራሱ የሚችለውን ድርሻ፣ ብቻ ነው።

ከዚህ በፊት ሌላ መድን ድርጅት ጋ ነበርኩ። ትንሽ ግጭት ደርሶብኝ ሰባት ወር አመላልሰውኛል፣ ውሉን የሸጠልኝ ሰውም ስልኬን ማንሳት አቆመ። ለዚህ ነው የወኪል ነገር እንዲህ የሚያንገበግበኝ።

ሌላው ጭንቀቴ ምትክ መኪና ነበር። በውጭ አገር መኪናህ ጋራዥ ስትገባ ምትክ ይሰጡሃል ሲባል ሰምቼ እኔም ጠየቅኋቸው። እትዬ አልሸነገሉኝም። «ያንተ ውል መኪናዋን ያሠራልሃል እንጂ ምትክ አይሰጥህም፣ በቆመችበት ቀን ያጣኸውንም ገቢ አይከፍልህም» አሉ። ቁርጤን አወቅሁ። መብራቱና መስታወቱ ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ ተገዝተው አባይ በረሃን ተሻግረው እስኪመጡ፣ ባትላሜራው ሠርቶ ቀለሙ እስኪደርቅ፣ መኪናዋ 38 ቀን ቆመች። 38 ቀን ያለ ገቢ፣ ያውም የዘመን መለወጫና የትምህርት ቤት ምዝገባ መሐል ገብቶ።

መኪናዋ በቆመች በሦስተኛው ቀን እትዬ ደወሉልኝ። ሹፌሩ ጥሎት ሄዶ ሚኒባሱ ግቢ የቆመበት አንድ ደንበኛ አላቸው። አገናኙን። ከነዳጅ የተረፈውን እኩል ልንካፈል ተስማማን። እትዬ ግን እዚያም አልለቀቁንም፣ ቁልፉን ከመቀበሌ በፊት መንጃ ፈቃዴ ለመኪናው ደረጃ እንደሚበቃ አዩ፣ የሰውየው መድን ሌላ ሹፌር ሲነዳ እንደሚሸፍን ከውሉ ላይ አስነበቡን፣ ቦሎውንም አረጋገጡ። ለዚህ ሁሉ አምስት ሳንቲም ኮሚሽን አልተቀበሉም። ልጆቼ መስከረም ላይ ደብተርና ዩኒፎርም የገዙት በዚያ ገንዘብ ነው።

መኪናዋ ከጋራዥ የወጣች ቀን ቀጥታ እሳቸው ጋ ነዳኋት። ከቤት ወጥተው ዞር ዞር እያሉ አዩዋት፣ አዲሱን መብራት በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉት። እናቴ የላከችላቸውን አንድ ጣሳ ማር በስንት ልመና ተቀበሉ።

እትዬ፣ ልጅዎ ያነብልዎታል ብዬ ነው የጻፍኩት። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ወኪል የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልካቸውን እልካለሁ፣ ፈቅደውልኛል። ደብረ ማርቆስ፣ አማኑኤል፣ ደምበጫ፣ ጂጋ፣ ፍኖተ ሰላም ያላችሁ ሁሉ ትደርሱባቸዋላችሁ። ባጃጅም ቢሆን፣ አይሱዙም ቢሆን፣ የቤት መኪናም ቢሆን ያስተናግዳሉ። ስትሄዱ ሊብሬያችሁንና የቆየውን ውል ያዙ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ መኪናችሁ ዛሬ ስንት እንደምታወጣ ገበያ ጠይቁ። መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።