የሲሰሮን የመጀመሪያ ደረጃ ፈተና፦ ስለ ቢራ መፃፍ ለምትፈልጉ ይጠቅማል ወይ?

እዚህ ዲሲ አካባቢ ባር ላይ ስሰራ ስድስት አመት ሊሆነኝ ነው፣ ስለ ክራፍት ቢራ በአማርኛ መፃፍ ከጀመርኩ ደግሞ ሁለት። በውስጥ መስመር እየመጣችሁ "ይሄን ነገር የት ተማርከው፣ ሰርተፍኬት ምናምን ያስፈልጋል ወይ" የምትሉኝ ስለበዛችሁ የተፈተንኩትን ፈተና ጥሩውንም የጎደለውንም ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ሲሰሮን ይባላል። ሬይ ዳንኤልስ የሚባል የቺካጎ የቢራ ባለሙያ ነው ያቋቋመው፣ እንደ ፈረንጆቹ ከ2008 ጀምሮ ሰው ይፈትናሉ፣ የወይን ባለሙያው ሶምሊየር እንደሚባለው ያው ለቢራ ማለት ነው። አራት ደረጃ አለው፣ እኔ የማወራው ስለ መጀመሪያው ስለ ሰርቲፋይድ ቢር ሰርቨር ነው። ኦንላይን ነው፣ 60 የምርጫ ጥያቄ በ30 ደቂቃ፣ ማለፊያው 75 ከመቶ። ለአንድ ጥያቄ ግማሽ ደቂቃ ስለሆነ እያሰባችሁ የምትሰሩት አይደለም፣ ወይ ታውቁታላችሁ ወይ አታውቁትም። "ሲለበስ" (syllabus) የሚባለው ማጥኛ ግን በነፃ ይወርዳል፣ የብሪወርስ አሶሲዬሽን (የአሜሪካ ጠማቂዎች ማህበር) የድራፍት ማኑዋልም ነፃ ነው፣ ፈተናውን ባትወስዱ እንኳን ሁለቱን አንብቡ። እኔ ከስራ ስመለስ ባቡር ላይ እያነበብኩ አምስት ሳምንት ፈጀብኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ከመፈተኔ በፊት "አልተመቸኝም" ብዬ የፃፍኩባቸው ቢራዎች አሉ፣ ዛሬ ሳስበው ጥፋቱ የጠማቂው ይሁን የቀዳው ቤት አላውቅም ነበር። ይሄ ለሚፅፍ ሰው ቀላል ነገር አይደለም እኮ፣ ሰው ስንት ሳምንት ለፍቶ የጠመቀውን ቢራ በቆሸሸ ቧንቧ ቀምሰህ ስሙን ታጠፋዋለህ። ድሮ የሰራሁበት አንድ ባር ነበር፣ ድራፍቱ ሁሉ ቅቤ ቅቤ ይላል፣ ደንበኛ ሲመልስ "ስታይሉ እንደዛ ነው" እንላለን፣ እኛም እናምነዋለን። ሲለበሱን ሳነብ መስመሩ (ድራፍቱ የሚመጣበት ቧንቧ) ቢያንስ በየ14 ቀኑ መታጠብ አለበት ይላል፣ እኛ ቤት ደግሞ ሲታጠብ ያየሁት አንዴ ነው። ካልታጠበ ባክቴሪያ ይራባበትና ዳያሴቲል የሚባል ነገር ይፈጥራል፣ ያ ቅቤ የምንለው እሱ ነው። ብርጭቆም እንደዛው፣ ቢራው ከተቀዳ በኋላ ከውስጥ ግድግዳው ላይ ጥቃቅን አረፋ ተለጣጥፎ ካያችሁ ቅባት ወይ ሳሙና ቀርቶበታል ማለት ነው። አዲስ አበባ ጃምቦ ሲቀዳልን "አረፋውን ቀንስልኝ" ማለት የለመድን ብዙ ነን፣ ግን ሽታውን ወደ አፍንጫ የሚያመጣልን አረፋው ነው፣ ሁለት ጣት ግድም ይኑረው።

ለኔ የፈተናው ዋጋ እዚህ ላይ ነው፣ "አልወደድኩትም" እና "ተበላሽቷል" የሚባሉትን ሁለት ነገሮች ለያየልኝ። የከፈልኩት 79 ዶላር ለዚህ ብቻ ቢሆን አይቆጨኝም (ዋጋው ስለሚቀያየር ዌብሳይታቸውን እዩ)።

የማይሰጣችሁ ቃሉን ነው። የሽታዎቹ ስም በሙሉ ለአሜሪካዊ አፍንጫ የተሰራ ነው። ብርሃን የመታው ቢራ "ስካንክ" ይሸታል ይላሉ፣ ሆፕሱ (ቢራውን የሚያመርረው አበባ) ውስጥ ያለው መራራ ነገር ብርሃን ሲያገኘው ነው የሚለወጠው፣ ቡናማ ጠርሙስ በደንብ ይከላከላል አረንጓዴና ነጭ ግን ብዙም አያድኑትም። ጥሩ፣ ግን ባህር ዳር ያለው የአክስቴ ልጅ አንብቦ "ስካንክ ምንድነው" አለኝ። እኛ ሀገር የሌለ እንስሳ ነው! ብዙ ቀን አስቤበት "ለተቃጠለ ጎማ የቀረበ" ብዬ አስተካከልኩት፣ አሁንም ልክ የገባ አይመስለኝም፣ የተሻለ ያለው ይፃፍልኝ። ቅቤውም ላይ ተመሳሳይ ነገር ነው፣ በደፈናው ቅቤ ካልክ አንባቢው ኮረሪማ የገባበት ንጥር ቅቤ ነው የሚታየው፣ የሚሸተው ግን የገበታ ቅቤ ወይ ቶፊ ከረሜላ ነው። ዲኤምኤስ የሚሉት ሌላው የጉድለት ሽታ ብቻ ነው የተቀቀለ በቆሎ ስለሆነ ሁሉም ወዲያው የገባው።

በተቃራኒው ስታይል ላይ ስንመጣ እኛ ቃል ሞልቶናል። ሄዚ አይፒኤ የሚባለውን ሆፕስ የበዛበት ድፍርስ ቢራ ለማስረዳት ሶስት መስመር ከምፅፍ "ጉሽ ነው" ስል አለቀ። ቀለል ያለ ብዙ የሚጠጣ ቢራ ቅራሪን ያስታውሳል፣ ስኳሩ ያለቀ ቢራ ልክ እንደ ደረቅ ጠጅ ነው፣ የጀርመኑን የባምበርግ ከተማ የጭስ ቢራ ሽሌንከርላን ደግሞ (ብቅሉ በቢች እንጨት እሳት ነው የሚደርቀው) በወይራ በታጠነ እንስራ የተጠነሰሰ ጠላ የጠጣ ሰው ከማንም ቀድሞ ይረዳዋል። ሆፕስ በሌለበት ጌሾ እንደሚያመርር ለኛ ማን ይነግረናል። ግን እንደ ፈረንጆቹ የ2021ዱን የቢጄሲፒ (የቢራ ውድድር ዳኞች ድርጅት) የስታይል መመሪያ ብትከፍቱ የፊንላንዱ ባህላዊ ቢራ ሳህቲ ተፅፎ ታገኙታላችሁ፣ ጠላ የለም። ይሄ በጣም ያንገበግበኛል፣ ምክንያቱም ሳህቲ እዛ የገባው ስለ እሱ የፃፈ ሰው ስለነበረ ይመስለኛል፣ የኛን ደግሞ እንዴት እንደሚቀመስ ቁጭ ብለን አልፃፍነውም። ሀገር ቤት ስለ ቢራ ይወራ የነበረው ማስታወቂያ ላይ ነበር፣ እሱም በ2011 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ከሬዲዮና ቲቪ ወጣ፣ ስለ ጣዕሙ የሚያወራ ሰው ቦታው ክፍት ነው።

ሌላው የጎደለው፣ መጀመሪያው ደረጃ ላይ ምንም አትቀምሱም፣ ወረቀት ላይ ያለ እውቀት ነው። ስለዚህ ራሳችሁ ማድረግ አለባችሁ። አንድ አይነት ቢራ በአረንጓዴ ጠርሙስ ሁለት ግዙ፣ አንዱን መስኮት ላይ ፀሐይ እንዲያገኘው አስቀምጡት ሌላውን ፍሪጅ፣ ማታ ጎን ለጎን አሽትቱ። ኬክ የሚጋግሩበትን የቅቤ ኤሰንስ አንድ ጠብታ ቀለል ያለ ላገር ውስጥ ጨምሩና ቅመሱ፣ ከዛ በኋላ ያንን ሽታ የትም አትስቱትም። አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ ቦሌ ያለው ቢራ ጋርደን የራሱን ስለሚጠምቅ ብሎንዲውንና ጠቆር ያለውን ኢቦኒ አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጣችሁ ፃፉ፣ መጀመሪያ ሽታ፣ ከዛ አፍ ላይ ያለውን፣ ከዋጣችሁ በኋላ የሚቀረውን። ግሮሰሪ ደጃፍ ሳጥኑ ፀሐይ ላይ ተደርድሮ ካያችሁ እሱንም ፃፉት፣ የግምገማው አካል ነው።

ባጭሩ ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። የባር ስራ ላይ ላላችሁ ውሰዱት፣ ለመፃፍ ብቻ የምትፈልጉት ግን ሲለበሱን ጨርሳችሁ ገንዘቡን ቢራ ግዙበት ብልም አላፍርም።

እኔ አሁን ለሁለተኛው ደረጃ እያጠናሁ ነው፣ እሱ ቅምሻ አለው፣ ማለፊያው 80 ከመቶ ሲሆን ቅምሻው ለብቻው 70 ያስፈልገዋል። ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት፣ አፋችንን ቡናም በርበሬም ሳይነካው፣ ሶስት ሆነን ብርጭቆዎቹን ሸፍነን እንቀምሳለን። እዚሁ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ አካባቢ ያላችሁ ለአራተኛ ሰው ቦታ አለን።