የሻወር ቤት ሂተር ለጅማ ብርድ፦ ከክረምት እስከ ጥር ስጠቀምበት ያየሁት

ጅማ ሞቃት ነው የሚል ሰው ታኅሣሥ ላይ በንጋት ገላውን ታጥቦ አያውቅም። ከተማው ከ1700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው ያለው። ሰማዩ ጥርት ያለ ሌሊት ወደ 8 ዲግሪ ይወርዳል። ክረምቱ ያን ያህል አይቀዘቅዝም፣ ግን ሁሉ ነገር ይረጥባል፣ ፎጣ እንኳ አይደርቅም።

የኛ ሻወር ቤት ከዋናው ቤት ጀርባ በብሎኬት የተቀጠለ ነው። ወለሉ ሴራሚክ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒስ የሚባል የለውም። ቦይለር ስላለን ውሃው ችግር የለበትም። ጉዱ የሚመጣው ውሃው ሲዘጋ ነው፤ ፎጣ እስክታነሱ ድረስ ጥርሳችሁ ይንገጫገጫል። ውጭ አገር ቤቱን ሁሉ ከአንድ ቦታ በቧንቧ ያሞቁታል፣ እኛ ጋ ግን እያንዳንዱ ክፍል ራሱን ይችላል።

ስለዚህ ክረምት ሊገባ ሲል ሄርማታ መርካቶ ወርጄ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ባለ ሁለት ዘንግ ኳርትዝ ሂተር ገዛሁ። ቻይና ሠራሽ ነው፣ ስሙን ብጠራውም የሚያውቀው የለም። 1200 ዋት ነው። ገመዱን አንዴ ስትስቡት አንዱ ዘንግ ይበራል፣ ስትደግሙት ሁለቱም። ቀጭ ይልና ዘንጎቹ መቅላት ይጀምራሉ፣ ወዲያው ብርቱካናማ ይሆናሉ። ብዙ ቀን ሳይበራ ከቆየ የተቃጠለ አቧራ ይሸታል፣ አትደንግጡ፣ ይጠፋል።

አንድ ነገር ግን ከመግዛታችሁ በፊት እወቁ፤ ይሄ ዕቃ ክፍሉን አያሞቅም። የሚያሞቀው ሰውን ነው። ጨረሩ አየሩን አልፎ ገላችሁ ላይ ያርፋል፣ እንደ ጠዋት ፀሐይ፤ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ካላችሁ ብርዱ እዛው ቆሞ ይጠብቃችኋል። ለኛ ቤት የሚመቸውም በዚሁ ምክንያት ነው፣ ምክንያቱም በቆርቆሮውና በግድግዳው መሀል ክፍተት ስላለ አየር ብናሞቅ ኖሮ ያሞቅነው ሁሉ በዚያ ይወጣ ነበር። ጎረቤቴ ነፋስ የሚነፋውን 2000 ዋት ሂተር ነው የገዛው። ለደረቀ ሰው ጥሩ ነው። እርጥብ ገላ ላይ ሲነፋ ግን ውሃው እየተነነ መጀመሪያ ያበርዳል፣ ለዚያውም ድምፁ!

እናቴ መጀመሪያ ላይ «ይሄን እሳት ከራሴ በላይ ሰቅላችሁ ልታጠቡኝ ነው?» ብላ እምቢ ብላ ነበር። አሁን ከሁላችን ቀድማ ገመዱን የምትስበው እሷ ናት።

ደካማ ጎኑ ማታ ነው። የፍሪጃችን ስታቢላይዘር ቁጥር ስለሚያሳይ እያየሁት ነው የምናገረው፤ ሰፈሩ ሁሉ ራት ሲሠራ 220 ቮልት የነበረው ወደ 180 ይወርዳል። የዚህ ዓይነት ሂተር ደግሞ ቮልቴጅ ሲቀንስ ኃይሉ ከዚያ በባሰ ይቀንሳል፣ በ180 ላይ የሚሰጣችሁ 800 ዋት ገደማ ነው። ዘንጎቹ ደብዘዝ ሲሉ በዓይን ይታያል። ምጣድ ተጥዶ፣ ቦይለር በርቶ፣ እሱም ከተጨመረ ብሬከር ይወርዳል። እኛ ቦይለሩን ቀድመን አብርተን፣ አጥፍተን ነው የምንገባው።

ቆጣሪው ላይ የሚያመጣው ነገር ብዙ አያሳስብም። በቀን ግማሽ ሰዓት ቢበራ 0.6 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ ምጣዱ በአንድ ሰዓት ከዚያ ብዙ እጥፍ ይበላል።

አሰቃቀሉ ላይ ግን አትቀልዱ። ውሃ የሚረጭበትን ቦታ ርቆ፣ እጅ የማይደርስበት ከፍታ ላይ ይሁን። ካርቶኑ ላይ አይፒ 24 (IP24) የሚል ምልክት ፈልጉ፣ ፍንጣቂ ይችላል ማለት ነው፣ ቀጥታ ውሃ ግን አይደለም። ግራውንድ፣ ማለትም ወደ መሬት የሚወርደው የመከላከያ ሽቦ፣ የግድ ነው። ኤሌክትሪሻኑ ወደ ሰው ወይም ወደ መሬት የሚያፈተልክ ኤሌክትሪክ ሲኖር 30 ሚሊአምፔር ላይ የሚቆርጥ ብሬከር እንዲያስገባላችሁ ንገሩት፣ «ያለሱም ይሠራል» ካላችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የከሰል ምድጃ ይዘው ገብተው በር የሚዘጉ አሉ። በፍጹም! የከሰሉ መርዝ አይሸትም፣ አይታይም፣ ሰው ይገድላል።

ኅዳር ላይ የሚሳበው ገመድ ከሥሩ ተበጠሰ። ሱቁ ሲሸጥልኝ የአንድ ዓመት ዋስትና ብሎኝ ነበር፣ ስሄድ «ዋስትናው ለዘንጉ ነው» አሉኝ። ተበሳጨሁ፣ ግን በናይሎን ሲባጎ ቀየርኩትና እስካሁን አለ። ዘንጎቹ አልተቃጠሉም። ጥጉ ላይ ያለው ሻጋታም እንዳለ ነው፤ ሂተሩ አየሩን ስለማያደርቅ ከታጠባችሁ በኋላ መስኮት መክፈት አይቀርም።

ሰፈራችሁ ጠዋት ጠዋት መብራት የሚሄድበት ከሆነ አትግዙት፣ ገንዘቡን ኮርኒስ ላይ አውሉት። እኔም ከፋሲካ በፊት ኮርኒሱን ላሠራ አናጢ ቀጥሬያለሁ፣ ሂተሩ ግን ከቦታው አይነሳም።