ሎንግማን መዝገበ ቃላት ‹ጆብ›ን ከ‹ወርክ› ሲለይ

የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት ላይ ‹ጆብ›ንም ‹ወርክ›ንም ፈልጉ፣ የምታገኙት መልስ ያው ‹ሥራ› ነው። ስህተት አይደለም፣ ግን አይበቃም። አማርኛ በአንድ ቃል የያዘውን እንግሊዝኛ ለሁለት ከፍሎታል፤ አከፋፈሉን የማያውቅ ተማሪ ደግሞ ‹ሥራ አገኘሁ› ለማለት ‹አይ ፋውንድ ኤ ወርክ› ይላል። ሰሚው ይገባዋል፣ እንግሊዝኛው ግን ልክ አይደለም።

ለእንዲህ ዓይነቱ ጣጣ እኔ የምመክረው ለቋንቋ ተማሪዎች የተዘጋጀውን የሎንግማን መዝገበ ቃላት ነው። መጀመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ አሁን ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። ፍቺዎቹን የሚጽፈው ወደ 2000 በሚጠጉ የተለመዱ ቃላት ስለሆነ፣ አንዱን ፍቺ ለመረዳት ሌላ ፍቺ ፍለጋ አትባዝኑም። በጣም የምወድለት ይሄንን ነው።

‹ጆብ› የሚቆጠር ስም መሆኑን እዚያው ምልክት አድርጎ ያሳያችኋል። ሰው የተቀጠረበት፣ ደመወዝ የሚያገኝበት ሥራ ነው፤ ወይም ተሠርቶ የሚያልቅ አንድ ተግባር። ‹ወርክ› ግን በሥራነቱ አይቆጠርም። መሥራቱን ራሱን፣ ድካሙን፣ አንዳንዴም የሥራ ቦታውን ነው የሚያመለክተው፤ ለዚህ ነው ‹አት ወርክ› እንጂ ‹አት ጆብ› የማይባለው። ጆብ የሌለው ሰው ቤቱ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ የማያልቅ ወርክ ሊኖረው ይችላል፤ ይቺን ምሳሌ የያዘ ሰው ሁለቱን የሚያምታታ አይመስለኝም። ‹ወርክስ› ብሎ ማብዛትም አለ፣ ግን ያኔ ወሬው ብዙ ጊዜ ስለ ደራሲ ወይም ስለ ሠዓሊ ሥራዎች ነው።

‹ጆብ› ገጽ ላይ እንደ ፕሮፌሽን (ሙያ) እና ካሪር (የሥራ ሕይወት) ያሉ ተቀራራቢ ቃላትንም ጎን ለጎን አስቀምጦ ያነጻጽራል። እዚያ ላይ ጊዜ ውሰዱ። የድምፅ አነባበቡም የእንግሊዝና የአሜሪካ ተብሎ ለየብቻ ተቀምጧል።

የማልወድለት ነገርም አለ። ማስታወቂያው ንባብ ያቋርጣል። ‹ወርክ› ብዙ ትርጉም ስላለው ገጹ ረጅም ነው፣ የፈለጉትን ለማግኘት ብዙ መውረድ ያስፈልጋል። ታች ላይ ከእውነተኛ ጽሑፎች የተቀነጨቡት ምሳሌዎች ደግሞ መነሻቸው ስለተቆረጠ አንዳንዶቹ ግራ ያጋባሉ፤ ከፍቺው ሥር ያሉት ይሻላሉ።

እንግሊዝኛን ገና ‹ሀ› ብሎ ለጀመረ ሰው ይከብዳል፣ አማርኛ የለውምና። ትንሽ ለገፋ ተማሪ ግን ከዚህ የተሻለ ነፃ መዝገበ ቃላት አላየሁም።